ታቦቱ የቆመ ዕለት

ይድረስ ለልጄ ለቃለ አብ። ሰላመ እግዚአብሔር ካለህበት ባዕድ አገር ድረስ ይከተልህ። እኛን ዳባት ላይ ከብርዱ በቀር ክፉ አልነካንም።

ዘንድሮ በጥምቀት ታቦቱን የተሸከምሁት እኔ ነበርሁ። ስንመለስ ከጠባቧ ድልድይ ላይ እግሬ ከመሬት ተጣበቀ፤ ታቦቱ አልሄድም አለ። ያ ሲገፋፋ የመጣ ሕዝብ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ቀጥ አለ። ከበሮው ዝም፣ እልልታው ዝም። ለካ እኔ ወደ ታች ማየት ባልችልም እማሆይ ብርሃኔ ከእግሬ አንድ ክንድ ፊት ወድቀው ኖሯል! ሰዎች አንስተዋቸው ነጠላቸውን ሲያራግፉላቸው ታቦቱ ተንቀሳቀሰ።

ባለፈው እሑድ እናንተ አገር፣ ስታዲየም በር ላይ፣ ሰው በሰው ተረጋግጦ አለቀ ሲል ሬዲዮ ሰማሁ። «እዚያ ታቦት የለ፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ማን ያቆመዋል?» አልኋት እናትህን። ተነሥታ ስልኩን አመጣችው። አንተ ዘንድ ስንደውል ያቺ የስልኳ ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» ትለናለች፤ መብራት ጠፍቶባችሁ ይሆናል።

እናትህ ጉንጭህን ትስምሃለች። ኳስ ላይ እሄዳለሁ ብለሃት ነበርና፣ እሑድ የለበስኸው ማልያ ቀለሙ ምን እንደሆነ ቶሎ ይጻፍልኝ ብላለች።

አባትህ ቄስ ኪዳነ ማርያም