የማኅበሩ ሴቶች የመረጡት

ሮም፣ ሚያዝያ 2010 ዓ.ም.

ለባልደረባዬ ለሕሊና፤

እንዴት ሰነበትሽ? ካርዱ ላይ የምታዪውን ኮሎሲየም ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ የማወጋሽ ግን ሌላ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ሮም ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሴቶች ቪያ ቮልቱርኖ የሚባል ጎዳና ላይ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ወሰዱኝ። ሁሉም በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ናቸው። «ለመዋዕለ ሕፃናታችሁ ምን እንርዳ?» ሲሉኝ «መምህራኑን አሠልጥኑልን» አልኳቸው። አንዷ «መምህር ሠልጥና ትሄድ የለ እንዴ? አጥር ብናሠራላችሁ አይሻልም?» አለች።

ይኼኔ እትዬ ትብለጥ የሚባሉ አንጋፋ ሴት፣ «አሎራ፣ እንግዲህ እኔ የማሳድገው ልጅ አራት ዓመት እስኪሞላው አይናገርም ነበር» አሉ። «አዚሎ፣ መዋዕለ ሕፃናት ማለቴ ነው፣ ስናስገባው አስተማሪዋ በየቀኑ ወለል ላይ አብራው እየተቀመጠች፣ እያጫወተች፣ አፉን ፈታችለት። እንዴት አወቅሽበት ብላት ሠልጥኜ ነው አለችኝ። አጥር እኮ የልጅ አፍ አይፈታም።»

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ልጅ ጨዋ ተብሎ ይታለፋል። ያቺ አንቺ ክፍል ያለችው ዝምተኛዋ ፌቨን ትዝ ብላኝ እንባዬ መጣ።

በመጨረሻ አጥር ያለችው ሴት ራሷ «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ይሠልጥኑ» ስትል ሁሉም ተስማሙ። ሥልጠናው በክረምት አዲስ አበባ ነው፤ ወጪውን ማኅበሩ ይችላል።

ቦታው አለቀብኝ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ መምህራኑን ሁሉ ሰላም በዪልኝ። ደግሞ ሳላማክርሽ የመጀመሪያዋ ሠልጣኝ አድርጌ ስምሽን ሰጥቻለሁና እንዳትቆጪኝ።

እኅትሽ ሰብለወንጌል