የተዘለለው ተራዬ

ዳንግላ፣ ኅዳር 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ልጄ ዓለምነው፣ ባለህበት በሕንድ አገር የቅዱስ ሚካኤል ክንፍ ይጋርድህ። እኛ ደህና ነን። ጥቁሯ ላም ወለደች፤ እህትህ የሻረግም ከጥሊሊ መጥታ ሰንብታ ሄደች። በአንተ ግን አዝኛለሁ፤ ተቆጥቻለሁም።

የኅዳር ሚካኤልን ማኅበር የጠጣነው በገብረ ማርያም ቤት ነበር። የታኅሣሡ ተራ የእኔ ነውና ጌሾውን ወቅጬ፣ ብቅሉን አስፈጭቼ፣ ጽዋውን የምሸፍንበትን ነጠላ አጥቤ ሄድኩ። መለያያው ሲደርስ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ባላምባራስ ክንዴ፣ ጽዋውን አንስተው እኔን አልፈው ለማኅበርተኛዬ ለደጊቱ ሰጧት።

«ምነው ባላምባራስ፣ አላዩኝም?» አልኳቸው።

«ልጅሽ ጽፎልናል። እናቴ ደክማለች፣ ከድግስ አሳርፉልኝ ብሏል። አንቺ እየመጣሽ መጠጣት ብቻ ነው።»

ደጊቱ ደግሞ «አይ መታደል! እንግዳ ሆና ልትኖር ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። አማርኛው አልበቃ ቢለኝ በአገውኛ መለስኩላት።

ሠላሳ ዓመት ሰው ያጠጣሁ ሴት የሰው ጠላ ብቻ ስጠጣ ልኑር? ቤቴ ሰው ካልገባበት ምን ቤት ይባላል? ወገቤን ቢያመኝ ጎረቤቴ ሙሉነሽ ትጠምቅልኛለች። ያንገበገበኝ እኔን ሳትጠይቅ መጻፍህ ነው።

ትምህርቱን ይግለጥልህ፣ በሰላም ያግባህ ልጄ። እባክህ ለባላምባራስ ሁለት መስመር ጻፍላቸው፤ «እናቴ ተራዋን ትፈልጋለች» በላቸው። የታኅሣሡ ቢያልፈኝም ደብዳቤህ ለየካቲቱ ማኅበር ይደርሳል፤ ጌሾውን አስቀምጬዋለሁ።

እናትህ በቀለች