የሰሚራ በረዶና ያላልከው ቃል

የሰሚራ አባት፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታ መቃብር ውስጥ ላሉትም ይደርሳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔም ይኸው ከቤቴ ሆኜ ልኬልሃለሁ። ከተለየኸኝ ዛሬ ሦስት ወር ከሃያ ቀን ሆነ። ባሏ የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ዒዳ ልጨርስ ሃያ ቀን ይቀረኛል። እስከዚያ ከግቢው በር አልወጣም፣ መቃብርህም ጋ መጥቼ አላወራህም። ጎረቤታችን መምህርት አለምነሽ ደብተር ሰጥታኛለች፤ በእሱ ነው የምጽፍልህ።

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አላህ ዘንድ የሄደ ሰው እንዲህ አይጠየቅም። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። በስምህ የተናገርኩት ነገር አለ። አንተ ያላልከውን "ብሏል" ብዬ ለሰው ተናገርኩ፤ ነገሩም ከእጄ ወጥቶ ቡታጅራን ሞላው። ሐሙስ ሰሚራ ትመጣለች። እሷ ሳትመጣ አንተ ሁሉንም ከእኔ አፍ እንድትሰማው ፈለግኩ።

ለአረፋ የመጣች ጊዜ ትዝ ይልሃል? ለሩጫ አዲስ አበባ የላክናት ልጅ በረዶ ላይ የሚሄዱበትን ስኪ የሚሉትን ረጅም ነገር እግሯ ላይ አስራ ልትወዳደር ነው ስትለን፣ አንተ "በረዶው የታለና?" ብለህ ሳቅክባት። በረዶ በሌለበት አገር አስፋልት ላይ ይለማመዳሉ ብላ ጎማ የተገጠመለት ስኪ አወጣች። በማግስቱ በሁለት እጇ ዘንግ ይዛ ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ስትንሸራተት የጋሪ ፈረሶች ደነበሩ፤ የባጃጅ ልጆች ጡሩምባ እየነፉ ተከተሏት። አንተ ከጋሪ መጠገኛህ ወጥተህ፣ ግራሶ የነካው እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ ቆምክ። ኮራህ ወይስ አፈርክ፣ ከፊትህ መለየት አቅቶኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዱ ጎማ ተሰበረባት። መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው ተብላ ስለነበር ቁጭ ብላ አለቀሰች። አንተ ምንም ሳትናገር ስኪውን ወሰድክ፤ ሲመሽ አሮጌ ኩሽኔታ ገጥመህበት መለስክላት። ያ ጎማ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይጮህ ነበር። እሷ ግን እስከሄደችበት ቀን ድረስ አልቀየረችውም።

ወደ በረዶው አገር ስትሄድ አንተ ገና ጤነኛ ነበርክ። ከአገራችን ሴት በዚህ ውድድር ተሳትፋ አታውቅም፤ የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። አሰልጣኟ ደውሎ፣ "ቪዛዋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው፤ ከወጣች መመለስ የለም" ያለን ጊዜ ስልኩን አብረን ነው የሰማነው። ሁሉን ያበላሸው ያ ቃል ነው እላለሁ አንዳንዴ። መልሼ ደግሞ አይ፣ እኔ ነኝ እላለሁ።

ሆስፒታል በተኛህ በስድስተኛው ቀን፣ "ሰሚራን ጥሪልኝ" አልከኝ። ስልኩን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ስሟን አውጥቼ አውራ ጣቴን አጠገቡ አድርጌ ቆምኩ። ብነግራት ዕለቱን ሻንጣዋን ይዛ እንደምትነሣ አውቃለሁ። ደግሞ ትድናለህ ብዬ ነበር፤ ሐኪሙ ራሱ ዛሬ ሻል ብሎታል ብሎኝ ነበር። ተመልሼ ገባሁና፣ "ኔትወርክ የለም" አልኩህ። በማግስቱም ጠየቅከኝ፤ ያንኑ አልኩህ። በሦስተኛው ቀን እኔን አልጠየቅከኝም። በሩን እያየህ ስሟን ብቻ ጠራህ። የዐስር ሰላት ሳይሰገድ አረፍክ።

ከቀብር መልስ ወንድምህ ጀማል ሽማግሌዎቹን ይዞ ገባ። "ልጅቷን ማን ሄዶ ያርዳት?" አለ። እንደምታውቀው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚነገር። እዚያ በረዶ ውስጥ ማን ሄዶ አጠገቧ ይቀመጥ? ሁሉም እኔን አዩኝ። እኔም፣ "ውድድሯን ሳትጨርስ እንዳይነገራት ብሏል" አልኩ። ወላሂ፣ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም እውነት መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ "ማሻአላህ፣ አባት ማለት እንዲህ ነው" አሉ። ጀማል ፊቱን በሻሹ ሸፍኖ አለቀሰ። ያን ጊዜ መመለስ ይቻል ነበር፤ አልመለስኩትም። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ የመጣው ሁሉ ያንን ቃል ይነግረኛል፤ ለእኔው መልሶ። ለአገሩ ብሎ ልጁን ሳያይ ሞተ ይሉሃል። በሐዘኔ መሀል ሰው ሲያደንቅህ ደስ ይለኝና ወዲያው ቃሉ የማን እንደሆነ ትዝ ይለኛል።

ለሰሚራ ደግሞ ሌላ ውሸት ማዘጋጀት ነበረብኝ። አባ የታለ ስትለኝ፣ አንድ ቀን ሰላት ላይ ነህ፣ አንድ ቀን ጉሮሮህን አሞሃል፣ ሌላ ቀን ጋሪ ልትጠግን እንሴኖ ሄደሃል። በሕይወትህ ከመጠገኛህና ከመስጊድ በቀር መሄድ የማትወድ ሰውዬ፣ ከሞትክ በኋላ እንደ ሹፌር ስትዞር ከረምክ። አንድ ጊዜማ ግራ ቢገባኝ ጉንችሬ ከተማ ድረስ ልኬህ አሳደርኩህ። "ጉንችሬ ምን አለው?" አለችኝ። "ሰው ጠርቶት ነው" አልኳት። ፊቴን እንዳታይ ካሜራው ተበላሽቷል ብያታለሁ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ዛሬ ደግሞ የት ልላክህ እላለሁ፤ ሳይጮህ ሲውል ደግሞ ሰምታ ይሆን እያልኩ እቃትታለሁ።

ቤታችን ያው ነው፤ ያው አይደለምም። መጠገኛህን ጀማል ይዞታል። መዶሻ ሲመታ ካንተ ይፈጥናል፤ ከዚህ ሆኜ ስሰማው አንተ እንዳልሆንክ ወዲያው ይገባኛል። የጓሮው እንሰት ደርሶ ነበር፤ ዘንድሮ ሳይፋቅ ቀረ። ገበያ ያለውን የበርበሬ መደቤን አብረውኝ የሚሸጡት ሴቶች ተራ ገብተው ይጠብቁልኛል። ከበርበሬው ጋር ሳልውል ይህን ያህል ቀን መቀመጤ ከተጋባን ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው። እጄ ማቃጠል ተወ። እሱም ይናፍቃል ለካ።

ውድድሩ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነበር። እትዬ አለምነሽ ስልኳን ይዛ መጣች፤ ጀማልም መጠገኛውን ዘግቶ መጣ። ልጆቹን ለየብቻ እያሰለፉ ነው የሚለቋቸው። ሰሚራ ተራዋ ደርሶ ብቅ ስትል፣ ውድድሩን የሚያስተላልፈው ሰውዬ በፈረንጅ አፍ ሲለፈልፍ የአገራችንን ስም ሰማሁ፤ ሌላው ምንም አልገባኝም። ሂጃቧን ከኮፍያው ስር አጥብቃ አስራለች። ዙሪያዋ ሁሉ ነጭ ነው፣ ዛፉም ሰማዩም። እንዴት ይበርዳት ይሆን ስል፣ እሷ ዘንጓን ወግታ ሄደች። መጀመሪያ በደንብ ሄደች። በኋላ ቁልቁለት መጣ። አንዱ እግሯ ከሌላው ጋር ተጠላለፈና ወደቀች፤ እዚያው ላይ ምስሉ ቆመ።

የቤታችንን ኔትወርክ ታውቀዋለህ። ልጄ በረዶ ላይ ተዘርራ፣ አንድ እጇ ወደ ላይ እንደቀረ፣ አልንቀሳቀስ አለች። ጀማል ስልኩን ወደ መስኮት ወሰደው፤ ምንም። እትዬ አለምነሽ ነጥቃው ወደ መንገዱ ወጣች፤ እዚያ ይሻላል። እኔ ተከትያት እስከ በሩ ሮጥኩና ቆምኩ። አንድ እርምጃ ነው የቀረኝ፤ ዒዳዬን ማፍረስ አልፈለግኩም። ቆርቆሮውን ይዤ፣ "ምን ይላል?" እላታለሁ። "ቆይ፣ ዘይነባ፣ እየፈለገ ነው" ትለኛለች። አንድ የባጃጅ ልጅ ወርዶ ስልኩ ላይ አጎነበሰ። "ማዘር፣ አታስቢ፣ ልጅሽ ቀውጢ ናት" አለኝ፤ ገና ምንም ሳያይ። የበሩ ቆርቆሮ እጄን ሲቆርጠኝ እንኳ አልተሰማኝም። ያኔ ያሰብኩትን ልንገርህ? አባቷን ከለከልኳት፣ አላህ ደግሞ እሷን ሊወስድብኝ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት።

"ተነሣች" አለች እትዬ አለምነሽ። "ዘንጓን አነሣች። በረዶውን እያራገፈች ነው። ሄደች፣ ሄደች እኅቴ።" ከዚያ ወዲያ ያለውን በዓይኔ ሳይሆን በእሷ አፍ ነው ያየሁት። ከመጨረሻ ሦስተኛ ሆና ገባች። እትዬ አለምነሽ ልጄ አንደኛ የወጣች ይመስል እልልታዋን አቀለጠችው፤ መንገዱ ላይ የነበረው ሁሉ አጨበጨበ። ጀማል ዓይኑን እየጠራረገ ወደ እኔ መጣና፣ "ወንድሜ ለዚህ ቀን ብሎ ነው እንዳይነገራት ያለው። ያለው ደረሰ" አለኝ። ደስታዬን እዚያው አፈር አስገባው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰሚራ ደወለች። ጀማል ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስለነበር እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። "እማ፣ አየሽኝ?" አለች። አየሁሽ አልኳት። ወድቄ አላሳቀቅኩሽም ወይ አለችኝ። ትንሽ ሳቅን። ሳቋን ስትጨርስ፣ "ዒዳሽ ስንት ቀን ቀረው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ጀማል ቀና አለ። "ሃያ ሁለት" አልኳት።

ሁለት ወር ሙሉ ታውቅ ኖሯል። ማንም አልነገራትም። "አራት የገበያ ቀን ደወልኩ፣ አራቱንም ከኋላሽ የገበያ ጫጫታ የለም፤ ቤት አገኘሁሽ" አለችኝ። "ጉልበትሽን ቢያምሽ በጋሪ ትሄጃለሽ እንጂ በርበሬሽን ትተሽ የምትቀመጪ ሴት አይደለሽም። የምትቀመጪው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።" ለምን አልጠየቅሽኝም አልኳት። "እዚህ ማን አለኝና ልስማው? ቤት መጥቼ፣ እናንተ መሀል ሆኜ እስክሰማ ብዬ ነው" አለች። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ መርዶዋን ብቻዋን አቅፋ በረዶ ላይ ስትለማመድ ከረመች።

ከዚያ፣ "አባ ጠርቶኝ ነበር?" አለችኝ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ከተማው ሁሉ በቃሉ ያጠናው መልስ። ጀማል ራሱን እየነቀነቀ፣ ያለውን ንገሪያት በሚል ዓይን ያየኛል። ብናገረው ሦስታችንም እፎይ እንል ነበር፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ትጽናና ነበር። ግን ያ ቃል ያንተ አይደለም። የጠየቀችኝ ስለ አንተ ነው። "ጠርቶሻል" አልኳት። "ሦስት ቀን ጠርቶሻል። እኔ ነኝ ያልደወልኩልሽ። ኔትወርክ የለም ብዬ ዋሸሁት። ውድድሯን ሳትጨርስ እንዳይነገራት ብሏል ብዬ ለሰው የተናገርኩትም እኔ ነኝ፤ እሱ አላለም።"

"እሺ" አለችና ዘጋችው። ጀማል ኮፍያውን አውልቆ አየው፣ መልሶ አደረገው፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ወጣ። በኋላ ለእትዬ አለምነሽ ስነግራት፣ "ምነው ዝም ብትይስ?" አለችኝ። እሷም ወዳ አይደለም፤ ለእኔ አዝና ነው።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሰሚራ እስካሁን አልደወለችልኝም። ጠዋት ጀማል መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ሐሙስ ትገባለች። መጀመሪያ መቃብሩ ጋ ውሰደኝ ብላኛለች። ሄጄ አመጣታለሁ" አለኝ። ለእሱ ነው የደወለችው። ስለ እኔስ ምን አለች አልኩት። "አልጠየቅኳትም" አለኝ። ሊሄድ ሲል ጠራሁትና፣ ያን ቀን የነበሩትን ሽማግሌዎች ሐሙስ እንዲሰበስብልኝ ለመንኩት። በእነሱ ፊት ዋሽቻለሁ፤ በእነሱ ፊት እናገራለሁ። ራሱን ነቅንቆልኝ ሄደ። ከመቃብርህ ተነሥታ ወደዚህ ቤት ትግባ ወይም በዚያው ወደ አጎቷ ቤት ትሂድ፣ አላውቅም። አልጋዋን ሁለት ጊዜ አንጥፌ ሁለት ጊዜ አፈረስኩት። ፍራሹን የማዞር፣ ትራስ የምቀይር አስመስላለሁ እንጂ የምይዘው አጥቼ ነው።

አንተም ታዝንብኝ ይሆናል፤ ከአንተ የተቀበልኩት የመጨረሻ አደራ ነበር፤ በላሁት። ይቅር በለኝ። ሰው የወደደልህ ያ ጀግና አባት እኔ የሠራሁት ነው፤ ከእንግዲህ ያላልከውን አልናገርልህም። የማስታውስህ አልጋው ላይ ሆነህ በሩን በሩን ስታይ፣ ልጅህ ስትናፍቅህ ነው። በዱዓዬም የማነሣህ፣ ለሚጠይቀኝም የምነግረው ያንኑ ነው፤ አላሳምርህም፣ አልጨምርብህም።

ጠርተሃት ነበር። ሐሙስ ትመጣልሃለች።

ዘይነባ