ወንድማችን ያልጠጣው መጠጥ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ነሽ፣ እህትዓለም? ጤናሽስ? ባልሽና ልጆችሽ ደህና ናቸው? የእናታችን ዓይንስ እንዴት ሆነ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ወንድማችንን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ ጉበቱ አልቋል፣ ሐኪሟም ተስፋ አልሰጠችንም።

ባለፈው ስደውል «የእጁን ነው ያገኘው» ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጋሽው ይህን በሰው እጅ ልኬልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሐኪሟም የጀመረችው እንዳንቺው ነበር። ስንት እንደሚጠጣ ስትጠይቀው «ውሃ ከሆነ ብዙ» አላት። አልሳቀችም። ደሙን መረመረች፤ እኔንም ለብቻዬ ጠየቀችኝ። አብሬው ስኖር አንድ ቀን እንኳ መጠጥ ሲቀምስ እንዳላየሁ ነገርኳት። ስኳር የለበትም፤ ሰውነቱ እንደምታውቂው ቆዳና አጥንት ነው። ጉበቱ ግን ስብ ሞልቶት ኖሮ፣ ውሎ አድሮ ጠባሳ ብቻ ሆኗል። ሥራውን የጠየቀችው ያኔ ነው።

እሱ በሚሠራበት ላውንደሪ ቤት ውስጥ ኮትና ሱፍ የሚጸዳው በውሃ ሳይሆን በኬሚካል ነው። ኬሚካሉ ይተናል፤ ሲተነፍሱት ይገባና ጉበት ላይ ስብ እንዲከማች ያደርጋል። ለዚህ ያበቃው ይህ ብቻ ነው አላለችም፤ እኔም ያላለችውን አልጨምርም። ሌላ ምክንያት ግን ፈልጋ አጣች። አሠሪው ሽታው ወደ ደጅ ወጥቶ ደንበኛ እንዳያሸሽበት የኋላውን ክፍል መስኮት በሚስማር ቸንክሮታል። ሄጄ ስጮህበት «ቅሬታ ያቀረበ የለም» አለኝ። እዚያ ክፍል የሚሠራው ወንድማችን ብቻ ነው፤ ማን ያቅርብ?

እናታችን እኛ ዘንድ በከረመች ጊዜ ያየችው ይህንኑ ነው። ከሥራ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ፣ የሚሰነፍጥ ነገር እየሸተተ፣ ግድግዳ ተደግፎ ይገባ ነበር። ራሱን ያዞረው ትነቱ ነው። እሷ ግን ሰካራም አልወለድኩም ብላ ጓዟን ሸክፋ ሄደች። አልጠጣሁም ቢላት አላመነችውም፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን መስማት አልፈለገችም። እሱም መደወሉን ተወ።

ስለዚህ አሁኑኑ ተነሺና እሷ ዘንድ ሂጂ። ሳታለሳልሺ፣ እንደጻፍኩት አንብቢላት። ሐኪሟ ጊዜ እንደሌለን ነግራኛለች። ትናንት ትራሱን ሳስተካክልለት እንዲህ አለኝ፦ «ይቅርታ ትጠይቀኝ አላልኩም። ልጄ ትበለኝ፤ ይበቃኛል።»

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ለእናታችን የእኔን ሰላምታ አድርሺልኝ። የእሱን ግን በደብዳቤ አልልክም፤ ራሷ ደውላ ትቀበለው።

ወንድምሽ

ከሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ሐሙስ ኅዳር 12 ቀን