እትዬ ዓለምፀሐይ ከገና አገልግሎት ቀሩ

ይድረስ ለልጄ ለሐሊና፤ እመቤቴ ከዋርሶ ብርድም ከክፉ ሰውም ትጠብቅሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በገና ዋዜማ ለቤተ ክርስቲያን ዝግጅት ስንሠራ፣ ሁልጊዜ ቀድመው ሽንኩርት የሚከትፉት እትዬ ዓለምፀሐይ ቀሩ። ስልካቸውም አይነሳ። ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ከአባትሽ ጋር በማታቱ ታክሲ ተሳፍረን፣ ብቻቸውን ወደሚኖሩበት ኢስትሊ ሰፈር ሄድን። ብናንኳኳ ከውስጥ፣ «ወድቄ ነው፤ መነሳት አቃተኝ» አሉ። ዘበኛው በሩን ሰበረልን። ለካ ከዚያ በፊት ከነበረው ቀን ጀምሮ መሬት ላይ ነበሩ። አሁን ሆስፒታል ናቸው፤ እኛ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበርተኞች በተራ እያስታመምናቸው ነው፣ ይድናሉ ተብለናል።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንቺም ብቻሽን ነሽ። ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፤ ብትቀሪ የሚፈልግሽ ሰው ይኑርሽ። ለልደቱ ያደረሰን ለጥምቀቱ ያድርስሽ። የጎረቤትሽንም ስልክ ቁጥር ላኪልኝ፤ ቋንቋቸውን ባላውቅም ስምሽን እጠራላቸዋለሁ።

እናትሽ ጽጌረዳ፣ ከናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ