የመቅደስ ጨዋታዎች፣ ቆጠራና ግምት

ኅዳር ፪ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ጧት

ሁለተኛውን ካርቶን ፈታሁ። አቧራው አስነጠሰኝ። ከላይ ገመድ፣ ከሥር ገመድ፣ በመካከል ልጆች ጆይስቲክ የሚሉት ባለ ሁለት እጀታ መዘወሪያ። ብዛት ፬። የአንዱ ላስቲክ አውራ ጣት ከሚያርፍበት ላይ ተልጧል። «መካከለኛ» ብዬ ጻፍሁ። ሰረዝሁ። «ያገለገለ፣ ነገር ግን የሚያገለግል» ብዬ ጻፍሁ። ይህ ይሻላል።

ደብተሬ ሆይ፣ ትናንት በችኮላ ያለፍሁትን ዛሬ በወጉ ላስፍርልህ። ልጄ መቅደስ ከኮምቦልቻ ደወለች። ከፋብሪካ ሥራዋ ወጥታ የራሷን ጌም ቤት ልትከፍት ነው፤ የድሮ ጨዋታ ብቻ የሚገኝበት፣ ሰው ተቀምጦ የሚጫወትበት፣ የፈለገም የሚገዛበት። እዚህ መካነ ሰላም ሳለች በፊት ለፊቱ ክፍል ታጫውትበት የነበረው ዕቃ ሁሉ በእኔ እጅ ነው። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ዕቃው ከሁለት ይከፈል አለች፦ ውዱ ለእርሷ ይቀመጥ፣ ርካሹ ደሴ ላለ ነጋዴ ይሸጥ። ለይቶ የሚገምተው እኔ። ለቅዱስ ሚካኤል ዋዜማ መጥታ የቀረውን ትወስዳለች።

ይህች ልጅ ካደገች ወዲህ አንዳች ነገር ለምናኝ አታውቅም። ድምፄን አወፍሬ «ይታያል» አልኋት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ግቢውን ዞርሁ፤ ደግሜም ዞርሁ።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

ሥርዓት ያሻል። ከቅኔ ቤት ወጥቼ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ አንድ ፋይል በእኔ ዘመን ጠፍቶ አያውቅም። በሀለሐመ ልደርድር ወይስ በአበገደ? በሀለሐመ ደረደርሁ። አላማረኝም። በአበገደ ደረደርሁ። ባለቤቴ ዘውዴ የእህል መስፈሪያዋን ፍለጋ ገብታ አንዱን ረድፍ በቀሚሷ ናደችው። እንደገና።

ዕቃው እንዲህ ነው። ባለ ካሴት መጫወቻ ፪። ባለ ዲስክ መጫወቻ ፩። ዲስኮቹ ከሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በደረቅ ፕላስቲክ ቤት የተቀመጡ፣ ሽፋናቸው በማሽን የታተመ፣ ቀለማቸው ዓይን የሚወጋ፤ ሟች እኅቴ ከቤሩት ስትመላለስ አንድ አንድ እያለች ያመጣችላት ናቸው። በየጀርባቸው የዐረብ ፊደል ያለባት ወርቅማ ወረቀት ተለጥፋለች። ሁለተኛዎቹ ግን ጌጥ የሌላቸው፣ በስስ ወረቀት የተጠቀለሉ፣ ስማቸውን መቅደስ በገዛ እጇ በማርከር የጻፈችባቸው።

ኅዳር ፫ ቀን፣ ረቡዕ

ጾም ነው። ሆዴ ባዶ፣ አእምሮዬ ንጹሕ። የግምት ቀን።

መሠረቱን ከቅኔ ቤት አመጣሁት፤ ከዚያ የተሻለ ገማች አላየሁም። ከማተሚያ ቤት የወጣ መጽሐፍ ሺህ ወንድም አለው፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላውን ከገበያ ትገዛለህ። በእጅ የተጻፈ ግን ብቻውን ነው። የጸሐፊው ወገብ፣ ዓይን፣ ትንፋሽ አለበት። የኔታ በእጅ የተጻፈውን ዳዊታቸውን ለበሬ እንኳ አልለውጥም ብለዋል፤ የታተመውን ግን ለመጣ ተማሪ ሁሉ ያውሱ ነበር።

ስለዚህ፦ የታተሙት፣ ርካሽ። እጅ ጽሑፍ ያለባቸው፣ ውድ።

በእጅ የተጻፉትን አንድ በአንድ በመነጽር መረመርሁ። «ኳስ»። «የመኪና እሽቅድምድም»። «የሠራዊት ጦርነት»። «ሠራዊት»ን በንጉሡ ሠ ጽፋዋለች! ያን ጊዜ የጌም ቤቱ ደንበኛ ማን ነበር? ሠና ሰን የማይለይ ጎረምሳ። ለእነርሱ ብላ አይደለም። ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ ነኝ፤ ያስተማርኋት አልጠፋም። የአራተኛው ቤት እግር እንኳ አልተጣመመም። ዋጋውን ከፍ አደረግሁ። «ፀሐይ»ን በጸሎቱ ጸ በጻፈችበት ላይ ግን ግማሹን ቀነስሁ። ፍርድ ፍርድ ነው።

ዘውዴ «ባይሆን ነጋዴ ብትጠይቁበትስ» አለች። መዝገብ ቤት ሳለሁ ዳኛው እኔን ይጠይቅ ነበር እንጂ እኔ ማንን ጠይቄ አውቃለሁ አልኋት። «እሱስ ልክ ነው» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። አነጋገሯ አልተዋጠልኝም።

ኅዳር ፬ ቀን፣ ሐሙስ

መብራት መጣ። ሳይፈተሽ የተገመተ ዕቃ ሳይመረመር የተፈረደ ክስ ነው፤ ባለ ዲስኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘነው። ዘውዴ ገመዱን ከእኔ ቀድማ ሰካችው፤ ልጅቷ ስታጫውት አይታ ኖሯል።

የመኪና እሽቅድምድም። የእኔ መኪና ቀይ። ተነሣች፣ ወደ ኋላ ሄደች፣ ግድግዳ ገጨች፣ እዚያው ቀረች። ዘውዴ ሁለት ዙር ጨርሳ «ኧረ አንቱ፣ ከግድግዳው ጋር ምን አጣላችሁ?» አለችኝ። ጆይስቲኩ ያረጀ ነው አልኋት። ተለዋወጥን። ቀይዋ አሁንም ከግድግዳው ጋር ናት።

በዚህ መካከል ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ በበሩ ብቅ አሉ። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከልጅነት ጀምሮ ስንተራረብ አርጅተናል። ጥቂት ቆመው አዩና «አብሽር መሪጌታ! ድጓው አላዋጣ ሲል ሹፍርና ጀመሩ?» አሉ። ሐጂ፣ እኔ እንኳ ግድግዳ ነው የምገጨው፤ እርስዎ ሜትርዎን በየቀኑ ያሳጥራሉ አልኋቸው። እየሳቁ ሄዱ። ሳቃቸው ሱቃቸው እስኪደርሱ ይሰማ ነበር።

ዕቃው ይሠራል። ተመዝግቧል።

ኅዳር ፮ ቀን፣ ቅዳሜ

የደሴው ነጋዴ መጣ። ጀማል ይባላል። ሰውነቱ ቀጭን፣ አንደበቱ የታረመ። ውኃ ጠጣ፣ ስለ መንገዱ አወራ፣ ወደ ክፍሉ ገባ። ከታተሙት አንዱን ከፈተ፣ የዲስኩን ሆድ ወደ ብርሃን አዙሮ አየ፣ ዘጋ። ሌላ ከፈተ፣ ዘጋ። እጁ ረጋ ያለ ነው። በእጅ የተጻፉትን በነጭ ነጠላ ላይ ለብቻ ደርድሬአቸው ነበር፤ አንዱንም አልነካም። ሥርዓት ያለው ልጅ አልሁ በልቤ።

የሚሸጡት የታተሙት መሆናቸውን ጠየቀኝ። አዎን አልሁ። እነዚያንስ አለ በዓይኑ ወደ ነጠላው እየጠቆመ። ለልጄ ናቸው አልሁ።

«እርግጠኛ ነዎት አባባ?»

ደብተሬ ሆይ፣ ያልሁትን እንዳልሁት ልጻፍ። «እኔ ቅኔ ስቆጥር አባትህ ጥርስ አላበቀለም፤ ውድና ርካሽ ታስተምረኛለህ?» አልሁት። አንገቱን ደፋ። የጠራሁትን ዋጋ አንድ ብር ሳያስቀንስ ከፈለ። እንደ አገራችን ወግ «ይባረክልህ» አልሁት፤ «አሚን አባባ» ብሎ ሁለቱን ካርቶን በባጃጅ ጭኖ ሄደ።

ቤቱ የተሰነጠቀው አንድ ዲስክ ቀረ። ስብራት ያለበት ዕቃ ከቤቴ አይሸጥም ብዬ የከለከልሁት እኔ ነኝ።

ኅዳር ፯ ቀን፣ እሑድ

ቅዳሴ ላይ ልቤ አልነበረም። ከቤት ወጣሁ፣ ተመለስሁ፣ ወንበር አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥሁ።

ያልተከራከረው ለምንድን ነው? በእኛ ገበያ ሰው ጨው ሲገዛ እንኳ ይከራከራል። ፍየል የሚገዛ ሰው አፏን ይከፍታል፣ ጥርሷን ይቆጥራል፣ ከስታለች ይላል፣ አንካሳ ናት ይላል፣ ጥሎ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ዕቃውን ያልሰደበ ገዢ በዕድሜዬ አላየሁም። ይህ ልጅ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም።

ዘውዴ በጨዋ ልጅ ይከፋሉ እንዴ አለች። እውነቷን ነው። ግን።

ከምሳ በኋላ መቅደስ ደወለች። ድምፅዋ የሠርግ ነው። ክፍሉን ቀለም ቀብታለች፤ የመጀመሪያ ወር ወጪዋን የሚሸፍንላት ገዢ ከወዲሁ ጠይቋት ነበር፤ ውዶቹን አይቶ ይመርጣል። ስንት ሆኑ አለችኝ። ቁጥሩን ነገርኋት። «ይህን ያህል ነበሩኝ እንዴ?» ብላ ጮኸች። «አባዬ፣ እኔ ግማሹን እንኳ አልጠበቅሁም። ሥራዬን የለቀቅሁት በከንቱ አይደለም ማለት ነው!» ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም አለኝ። ግቢውን ዞርሁ።

ኅዳር ፰ ቀን፣ ሰኞ

ይህን ገጽ ሦስተኛ ጊዜ እጀምረዋለሁ።

ሐጂ ሰይድ ሊጠይቁኝ ገቡ። እኔ የተሰነጠቀውን የዲስክ ቤት በሙጫ እጠግናለሁ። እንደ ልማዳቸው መኪናዋ ከግድግዳው ተላቀቀች ወይ ብለው ጠየቁ። ቤቱን ከእጄ ተቀብለው አገላበጡ፣ ወርቅማዋን ወረቀት ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ።

«አስሊ ነው እኮ ይህ።»

አስሊ ማነው አልሁ። የሠሪው ስም መስሎኝ።

ሳቁ። «ስም አይደለም መሪጌታ፤ ዐረብኛ ነው። ዋናው፣ መሠረቱ፣ ያልተቀዳው ማለት ነው። እኔ ሱቅ ሽቶ ሲመጣ ይህች ከሌለችበት ማንም አይነካውም። ሌላው ቅጂ ነው፤ ቅጂ ደግሞ ዋጋ የለውም።» ከዚያ በነጠላው ላይ የተደረደሩትን አዩ። አንዱን አነሡ። «ይኸ መቅደስ ራሷ የገለበጠችው ነው። ለልጆች በሁለት ብር ስታጫውት ዋናው እንዳይጫርባት ነበር። ልጄም እዚህ ነበር የሚውል፤ ነግሮኛል።»

በቅኔ ቤት እናት ቅጂ የምንለው አለ። ሌሎቹ ሁሉ ከእርሷ ይገለበጣሉ፤ ጸሐፊ ሲሳሳት ወደ እርሷ ይመለሳል። ትርጉም አላስፈለገኝም። እናቲቱን ሸጬ ልጆቿን በነጭ ነጠላ ላይ አስተኝቻለሁ።

ሐጂ ፊቴን አይተው ሳቃቸውን ዋጡ። ስንቱ ሄደ አሉ። ሁሉም አልሁ፤ ከዚህ ከተሰበረው በቀር። «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ አልቀለዱም። እርሱ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

ጀማልን በስልክ አገኘሁት። ዕቃው ይመለስልኝ፣ ብርህን ከነመጓጓዣው እሰጥሃለሁ አልሁ። በለሰለሰ ድምፅ ዕቃው ትናንት ለአዲስ አበባ ሰው መተላለፉን ነገረኝ። «አባባ፣ እኔ እኮ ጠይቄዎት ነበር። እርስዎም ባርከውልኛል።»

ጠይቆኛል። ባርኬለታለሁ። በመረቅሁበት አፍ መልሼ ልርገመው? በገበያ «ይባረክልህ» ከተባለ በኋላ ከብቱ ቢሞት እንኳ ሻጭ አይጠየቅም፤ ገዢም አይመልስም። በዚህ ሕግ በስንት ሽምግልና ላይ እኔው ራሴ ፈርጄበታለሁ።

ለሐጂ ነገርኋቸው። ምርቃት አይመለስም መሪጌታ አሉ።

ኅዳር ፱ ቀን፣ ማክሰኞ

ጧት ዘውዴ መላ አመጣች። መቅደስ ስትመጣ ነጋዴው አታለለን እንበላት፤ ሽማግሌ መሆንዎን አይቶ አወናበደን እንበላት። ደሴ ሩቅ ነው፣ ማን ያጣራል? «እርስዎም በልጅዎ ፊት አይዋረዱም» አለች። ክፋት የለባትም። እኔን ብላ ነው።

አፍሬ ልንገርህ፤ አሰብሁበት። እንደ ክስ ማመልከቻም አቀናበርሁት፦ ተከሳሽ የከሳሽን ዕድሜ መከታ በማድረግ… አማረልኝ። ይይዛል። የትኛውም ዳኛ ይቀበለዋል። ከዚያ «እርግጠኛ ነዎት አባባ?» የሚለው ድምፁ መጣብኝ። ያ ልጅ በደጄ ቆሞ ጠይቆኛል፤ እኔም በአባቱ ጥርስ መለስሁለት። አሁን ሌባ ላድርገው?

ለዘውዴ አይሆንም አልኋት። እንግዲያው እስክትመጣ ዝም እንበል አለች። ይህ ደህና ይመስል ነበር። ሐሙስ ትመጣለች፤ ቁጭ አድርጌ፣ አብልቼ፣ ቀስ ብዬ።

ከሰዓት መልእክት ላከችልኝ። ዘውዴ አነበበችልኝ። ነገ ጧት ለአናጢው ቀብድ ልትከፍል ነው፤ መደርደሪያው በእኔ ቁጥር ልክ ይሠራል። የጠየቃትንም ገዢ ለቅዳሜ ቀጥራዋለች። ከሥሩ «አባዬ፣ እርስዎ ስለገመቱት ልቤ ሙሉ ነው» ይላል።

ሐሙስ ሩቅ ነው።

ወንበሬ ላይ መቀመጥ አልቻልሁም፤ ቆሜ እጽፋለሁ። የምለውን ሞከርሁት። «ነገሩ እንዲህ ሆነ»፤ አይደለም። ነገሩ አልሆነም፣ እኔ አደረግሁት። «ዐረብኛው ነው እንጂ»፤ አይደለም። በየቀኑ በጸሎት አበስኩ እላለሁ፤ በግእዝ ሲሆን አፌ አይቸገርም፣ ዜማም አለው። እርሷ ግን ግእዝ አላስተማርኋትም። በአማርኛ ነው የሚባለው፤ «ተሳሳትሁ፣ ልጄ»። ለባዶው ክፍል ጮክ ብዬ አልሁት። ዘውዴ ከጓዳ «ምን አላችሁ?» አለች። ምንም አልሁ። ከዚያ አፈርሁና፣ ተሳሳትሁ ነው ያልሁት አልኋት። መክተፏን አቆመች።

አሁን እነግራታለሁ። ለአናጢው ሳትከፍል፣ ለገዢው ሳታፍር፣ ወደ ሥራዋም መመለስ ካሻት በሩ ሳይዘጋ። ብትቆጣ ትቆጣ። ቁጣዋን ቆሜ እሰማለሁ፤ መካከል ገብቼም አላርማትም።

ዘውዴ ቁጥሩን መታችልኝ። ስልኩን በገበታው ላይ፣ ከአንተ ጎን አስቀመጠችው። እየጠራ ነው። አንድ ጊዜ። ሁለት