ስሙን ያልጠራችው ሴት

ናሪን፣ ሐምሌ 28 ቀን

ለልጄ ለአይዛዳ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን። ቀይዋ ባዝራ ወልዳለች፣ ሳሩም ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ያመኛል። ይህን ደብዳቤ አንቺ ወዳለሽበት ወደ ኖቮሲቢርስክ ለሚመለሰው ለጎረቤታችን ለኤርኪን ሰጥቼዋለሁ። በስልክ «እማ» ስትይኝ የማስበው ሁሉ ይጠፋኛል። በወረቀት ግን አታቋርጪኝም።

ባለፈው ሳምንት ስትደውይ «እማ፣ ለአባዬ ሙት ዓመት እንኳ ደህና ሙሾ አውርጂለት፤ በአርባው ዝም ብለሽ አዋረድሽን» አልሽኝ። አዋረድሽን! እኔ ነኛ እንግዲህ ያዋረድኳችሁ።

ለቀብሩ አልደረስሽምና ልንገርሽ። ሱፍ ድንኳኑ ውስጥ ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዙረን ተቀምጠናል፤ እኔ፣ አክስትሽ ሳይራካንና የአጎቶችሽ ሴቶች ልጆች። ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር ሙሾ እናወርዳለን። የገባችው ሴት ሁሉ ስሙን እየጠራች አለቀሰች፤ እኔ ግን አልጠራሁትም። የባሏን ስም የምትጠራ ሚስት በእኛ ዘንድ የት አለችና? «የቤቴ ምሰሶ» አልኩት፣ «የባዝሮቹ ጌታ» አልኩት፣ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ። አሳምሬውም ነበር። አሮጊቶቹ «አቤት ቃል!» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ አንዲት የማላውቃት ሴት ገባች። ከኋላዬ ተቀምጣ ጀመረች። ድምፅዋ ያምራል፤ ምን ይደረግ፣ ያምራል። «አንተ በረዶ የማይመልስህ፣ አንተ ሐሙስ የማትቀርብኝ» ትላለች። አሁን ስሙን ትጠራለች፣ አሁን ትጠራለች እያልኩ ጠበቅኩ። ጎረቤትም ብትሆን፣ የሩቅ ዘመድም ብትሆን መጥራት አለባት። ስሙ ጋ ስትደርስ «ባለ ጥቁር ፈረሱ» ብላ አለፈችው። ደግማ ደረሰች፣ ደግማ አለፈችው።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ልቅሶ ሁሉ ቀጥ አለ። እንደዚያ የምታልፍ ሚስት ብቻ መሆኗን የማያውቅ ማን አለ? ዞር ብዬ ሳይራካንን አየኋት፤ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ለቀስተኛው ሲበተን ይዤ አፋጠጥኳት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እትዬ፣ አሁን ምን ያደርግልሻል? ሰውየው አፈር ገብቷል።»

«ከመቼ ጀምሮ አልኩሽ!»

«የኮችኮር ሴት ናት፣ የፈረስ ገበያው አገር። ቆይቷል። ደግሞ የመስጊዱ ሙላ ነው ያጋባቸው፣ እንዲሁ አይደለም።»

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለኝ በያ! ሐሙስ ሐሙስ ለፈረስ ገበያ ነው የሚሄደው ብዬ ስንቁን ስቋጥር፣ አብረሽኝ የቦርሶኩን ሊጥ በዘይት ስትጠብሺ፣ ሳቅሽ አልመጣም?»

አለቀሰች። ታልቅስ፣ እኔ አላባብላትም።

በአርባው ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ምን ልበል? «ታማኙ» ብል ሴቶቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ይሳሳቁብኛል። «ደጉ» ልበል? ደግስ ነበር፤ የታመምኩ ክረምት በጀርባው አዝሎ መንገድ ድረስ አውርዶኛል። ግን ይህን ለማለት አፌን ስከፍት «እሷንስ አዝሏት ይሆን?» የሚለው ይቀድመኛል። እውነቱን ብናገር ሙት መውቀስ ነው፤ ብዋሽም በራሴ ላይ መቀለድ ነው።

አንቺን ግን አምኜሽ ነበር። በዚያው ስልክ «ለቀብሩ አንዲት ሴት መጥታ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ቃል ጠፋኝ» ስልሽ ምን አልሽኝ? «ትንሿንም ይዛ መጣች?»

አይዛዳ፣ እኔ ስለ ልጅ አላነሳሁብሽም። ልጅ እንዳለም አላውቅም ነበር። መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ይሆናል፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ለካ ከአባትሽ ጋር ፈረስ ልታዪ ኮችኮር የምትወርጂው እዚያ ቤት ኖሯል! እሱ ቢበድለኝ ባል ነው። ሳይራካን ብትደብቀኝ ለወንድሟ ነው። አንቺ ግን ከሆዴ የወጣሽ ነሽ! እዚያ በልተሽ ጠጥተሽ ስትመጪ «ልጄ፣ እርቦሻል» እያልኩ ሳቀርብልሽ እንዴት ወረደልሽ? «እማ እንዳታዝን ብዬ ነው» ትይኛለሽ። እንዲህ ያለው እዝነት ይቅርብኝ።

ትናንት ንዴቴ ሲብስብኝ ፈረሶቹ መካከል ቆምኩና፣ ከእንግዲህ ምኑ ነኝ፣ እንደ ባዳ በስሙ ልጥራው ብዬ አፌን ከፈትኩ። እምቢ አለኝ። አሁን እንኳ እዚህ ወረቀት ላይ ልጽፈው ሞክሬ እጄ አልታዘዘኝም።

ስለዚህ ለሙት ዓመቱ ነይ። ሙሾውን አንቺ ታወርጃለሽ፤ እኔ የማውቀው ግማሹን ሰው ነው፣ ሙሉውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ለዚያችም ሴት ንገሪያት። ትምጣና እንደ እኔው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቀመጥ። የማባርራት እንዳይመስላት።

ተቀይሜሻለሁ፤ ቢሆንም ያጠባሁሽ ወተት አይውቀስሽ። አላህ ከሰው አገር ክፉ ይጠብቅሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በደጄ ያቁምሽ።

እናትሽ
ኡልካን

ሌላውን ስትመጪ እንነጋገራለን። ይህን ብቻ ቶሎ ደውለሽ ንገሪኝ፤ ትንሿ ልጅ እሱን ትመስላለች ወይ?